የሞርስ ኮድ መለማመጃ በቤት ውስጥ

ሞርስ ኮድ (ፊደላትን በአጭርና በረጅም ድምፅ የሚገልጽ ዘዴ) መማር ካማራችሁ መለማመጃውን ራሳችሁ ሥሩት። ባትሪ፣ ሽቦ፣ አንዲት ትንሽ ባዘር (ድምፅ ማሰሚያ) እና የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። በመቆንጠጫው እጀታዎች ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ስትጫኑት እንዲነካኩ አድርጋችሁ፣ ሽቦ የታሰረባቸው ሁለት ፒኖች ሰኩ። በቃ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ሆነላችሁ። ባዘሯ ግን ባትሪ ሲነካት ራሷ የምትጮኸው ዓይነት ትሁን። ሌላኛዋ ዓይነት ቀጭ ብላ ዝም ነው የምትለው። ቮልቷም ከባትሪው ጋር ይስማማ።

ሰረዙ (ረጅሙ ድምፅ) የነጥቡን (የአጭሩን ድምፅ) 3 እጥፍ ይርዘም። በፊደላት መካከል 3 ነጥብ፣ በቃላት መካከል 7 ነጥብ ያህል ዝም በሉ። ደግሞ እባካችሁ ነጥብና ሰረዝ በወረቀት አትሸምድዱ፤ እያንዳንዱን ፊደል በዜማው ያዙት። ለጀማሪ ፊደሉን ፈጠን አድርጎ መምታት፣ ክፍተቱን ማስረዘም ይሻላል።