ስዊንግ ሲባል ዥዋዥዌ ብቻ አይደለም

ስዊንግ የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ አብዛኞቻችን የተዋወቅነው በዥዋዥዌ ነው። ሥዕሉ ላይ አንዲት ልጅ ገመድ ላይ ተቀምጣ ወዲህ ወዲያ ትላለች፣ ከሥሩ ስዊንግ የሚል ተጽፏል፣ በቃ። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። አንዱ ተናዶ «ሂ ስወንግ አት ሚ» ሲላችሁ ዥዋዥዌው ምን አገባው? ሰውየው ያለው «ቡጢ ሰነዘረብኝ» ነው።

እዚህ ላይ የቃሉን መነሻ ማወቅ በጣም ይረዳል። ከሺህ ዓመት በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ ስዊንጋን ነበር። ትርጉሙም መምታት፣ መግረፍ። የጀርመንኛው ሽቪንገን ዘመዱ ነው። አሁን ጅራፍ የሚያጮህ እረኛ አስቡ፦ ክንዱ ከትከሻው አይነቀልም፣ የጅራፉ ጫፍ ግን አየሩን ቀዝፎ ዞሮ ይመጣል። ቃሉ ቀስ በቀስ ምቱን ትቶ ያንን እንቅስቃሴ ያዘ፣ ወዲህ ወዲያ መወዛወዝ የሚለው ትርጉም የመጣውም በ16ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። ቡጢው ግን የጥንቱን ትርጉም ያስታውሰናል።

ስለዚህ ስዊንግ ማለት ሲያምራችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የቱ ጫፍ ነው የተያዘው? በር ማጠፊያው ላይ ተይዞ ይከፈታል፣ ስዊንግ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ ልጅ እግሩን ያወዛውዛል፣ ስዊንግ ነው። የቤዝቦልና የጎልፍ ተጫዋች ዱላውን ሲሰነዝርም እንደዚያው። መሳቢያ ግን ተንሸራቶ ነው የሚወጣው፣ የተያዘ ጫፍ የለውም፣ ስለዚህ አይሆንም።

የጤፍ ማሳ በነፋስ ሲዘናፈልስ? እሱ ስዌይ ነው። ሥሩ መሬት ይዞ ላዩ በዝግታ ዘንበል ቀና ሲል ስዊንግ አይባልም፣ ስዊንግ ጉልበት አለው። ኦሲሌት (ወዲህ ወዲያ መወዛወዝ) የሚባለው ደግሞ ከላቲን የመጣ የፊዚክስ ክፍል ቃል ነው፣ ለቤት ወሬ አይመችም።

ምርጫ ላይ የምትሰሙት ስዊንግ ስቴትም ከዚሁ የወጣ ነው። ፔንሲልቬንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ለትራምፕ፣ በ2020 ለባይደን፣ በ2024 ተመልሳ ለትራምፕ ሆነች፤ ወላዋይ ግዛት ብንላት ያስኬዳል። ጓደኛችሁ «ስዊንግ ባይ» ካለች «ጎራ በል» ማለቷ ነው። ድግሱ «ኢን ፉል ስዊንግ» ነው ከተባለ ደግሞ ደምቋል፣ ደርቷል። እነዚህን ቃል በቃል አትተርጉሟቸው፣ እንዳሉ ያዟቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኃላፊ ጊዜው ላይ ነው። ሲንግ ሳንግ እንደሚሆነው ይመስላቸዋል። አይደለም፣ ስወንግ ነው፣ «ወ»ን በግዕዙ ያዟት እንጂ «ዋ» ብላችሁ አትክፈቷት። «አይ ሃቭ ስወንግ» ሲባልም አይለወጥም።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ውስጥ አንድ ጫፋቸው ተይዞ የሚወዛወዙ ሦስት ነገሮች ፈልጉና በእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር በኃላፊ ጊዜ ጻፉ። ከበሩ ጀምሩ፣ እሱ ይቀላል።