ፍሬሽማን ኮርስ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው

4 ኪሎም 6 ኪሎም ኮሜርስም ያላችሁ ፍሬሽማኖች ሚድ ሳይደርስ ይቺን አንብቧት። ተማሪ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ነገር ነው፣ ፊዚክስ በሉት ማትስ በሉት አካውንቲንግ፣ ስህተቱ ያው ነው፤ ፎርሙላውን ሽምድድ አድርገው ይይዙና "ይሄ የሚሰራው መቼ ነው፣ ከምን አንፃር ነው" የሚለውን ይጥሉታል።

አንደኛው ከድሮ ፈተና መጀመር ነው። ሃንድአውቱን ሳይገልጡ ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን ወርክሺት ከነመልሱ መሸምደድ። የድሮ ፈተና አይጠቅምም አላልኩም፣ ግን መጨረሻ ላይ ራስን ለመፈተን ነው እንጂ መጀመሪያ ላይ ከሆነ መምህሩ ጥያቄውን ትንሽ ሲያዞረው አለቀላችሁ።

ሁለተኛው ሁኔታውን መርሳት፣ ዋናው ይሄ ነው። "ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል" ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ግን እሱ በባህር ወለል የአየር ግፊት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ግፊቱ ወደ ሦስት አራተኛ ስለሚወርድ ውሃው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ላብ ውስጥ ቴርሞሜትሩ 92 ሲያሳየው "ተበላሽቷል" ብሎ ሪፖርቱ ላይ 100 የሚጽፍ አለ፣ ትክክለኛውን መልስ ሰርዞ ማለት ነው እኮ! አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበትም ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ሙቀቱ ከዛ አያልፍም፣ ባቄላ በፕሬሸር ኩከር ቶሎ የሚበስለውም ግፊቱ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት አብሮ ከፍ ስለሚል ነው።

ኢኮኖሚክስም ላይ ያው ነው። ዋጋ ሲጨምር ሰው የሚገዛው ይቀንሳል የሚባለው ሌላው ነገር ሁሉ ባለበት ከቆየ ነው። ለፋሲካ ሽንኩርት ተወዶም የሚገዛው ሰው ይበዛል፣ ታዲያ ሕጉ ተሰበረ? አልተሰበረም፣ በዓሉ የዲማንድ ከርቩን (በየዋጋው ስንት እንደሚገዛ የሚያሳየውን መስመር) ራሱን ወደ ቀኝ ገፋው። ዋጋ ብቻ ሲቀየር ግን በዛው ከርቭ ላይ ነው የምትሄዱት፣ እነዚህን ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ቾይዝ ላይ ነጥብ ይጥላል።

ሦስተኛ ፐርሰንትና አማካይ። ከነቫቱ 1,150 ብር የከፈላችሁት ዕቃ ላይ ቫቱ ስንት ነው ሲባል ብዙው 1,150ን በ15 ፐርሰንት ያባዛና 172.50 ይላል፣ ግን 15 ፐርሰንቱ የተሰላው ከቫት በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ ለ1.15 አካፍላችሁ 1,000 ታገኛላችሁ፣ ቫቱ 150 ነው። አማካይ ፍጥነትም እንደዛው፣ ከ4 ኪሎ ሜክሲኮ 6 ኪሎ ሜትር ነው እንበልና ስትሄዱ በሰዓት 30 ስትመለሱ 60 (ለሊት ካልሆነ መቼም 60 አይታሰብም) ብትነዱ አማካዩ 45 አይደለም፣ 12 ኪሎ ሜትሩን በ18 ደቂቃ ስለጨረሳችሁት 40 ነው። የሚገርመኝ ጂፒኤ ሲያሰላ ማንም አይሳሳትም! ባለ 4 ክሬዲት ኤ እና ባለ 3 ክሬዲት ሲ ሲደመር 3.14 እንጂ 3.00 እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ያው ሂሳብ ነው እኮ።

አራተኛ አካውንቲንግ ላይ ዴቢት (የመዝገቡ ግራ) መቀነስ፣ ክሬዲት (የመዝገቡ ቀኝ) መጨመር ነው ብሎ ማሰብ። ጥፋተኛው የባንክ ሜሴጅ ነው፣ ብር ሲገባላችሁ ክሬዲት ተደረገ ይላል፣ ከዛ ክላስ ገብታችሁ ካሽ ሲጨምር ዴቢት ነው ስትባሉ ግራ ትጋባላችሁ። ሜሴጁ የሚያወራው ከባንኩ መዝገብ ነው። 1,000 ብር ስታስገቡ ባንኩ ካሹ ስለጨመረ ዴቢት ያደርገዋል፣ ደግሞ የናንተ የ1,000 ብር ዕዳ አለበት፣ ላያቢሊቲ (ዕዳ) ሲጨምር ክሬዲት ነው፣ እሱን ነው የሚነግራችሁ። በናንተ መዝገብ ያው ብር አሴት (ንብረት) ስለሆነ ዴቢት ይሆናል። የማን መዝገብ እንደሆነ ሳታውቁ ጆርናል ኢንትሪ (የሂሳብ ምዝገባ) አትጀምሩ።

የመጨረሻው ኮርሶቹን እንደማይተዋወቁ ጎረቤቶች ማየት ነው። የቦታ ደሪቬቲቭ (ምን ያህል ቶሎ እንደሚለወጥ) ፍጥነት ነው፣ የጠቅላላ ወጪ ደሪቬቲቭ ማርጂናል ኮስት (አንድ ተጨማሪ ዕቃ ለማምረት የሚጨመረው ወጪ) ነው፣ ሥራው አንድ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ማትስ ላይ ሌላውን የሚወስነው ቫሪያብል አግድም መስመሩ ላይ ይቀመጣል፣ ኢኮኖሚክስ ላይ ግን ከእንግሊዛዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር አልፍሬድ ማርሻል ጀምሮ በተለመደው ዋጋ ቁመቱ ላይ ነው የሚሳለው። ስለዚህ Q=100−2P (Q የሚገዛው መጠን፣ P ዋጋ) ተሰጥቷችሁ የግራፉ ስሎፕ (የመስመሩ ዝንባሌ) ስንት ነው ከተባላችሁ −2 ብላችሁ እንዳትሮጡ፣ መጀመሪያ P=50−Q/2 ብላችሁ ገልብጡት፣ መልሱ −1/2 ነው።