በጋራ መኖሪያ ሕንፃችን የቆጣሪ ሳጥን ላይ የነበረው ሙቀት እንዴት ተወገደ

በአዲስ አበባ በሚገኘው ጂ ፕላስ 4 ኮንዶሚኒየማችን የእሳት አደጋ ስጋት ፍተሻ ስናደርግ ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ደረጃው ሥር ያለው የቆጣሪ ሳጥን ነበር፤ መውጫችን ያ ደረጃ ብቻ በመሆኑ፣ እዚያ የሚነሳ ጭስ ሽቅብ ወጥቶ የሁሉንም ቤተሰብ መንገድ ይዘጋል።

ማታ ማታ የሳጥኑ ክዳን ይሞቃል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። ባለሙያው መብራት አጥፍቶ ሲከፍተው ወደ አንድ ቤት የሚወጣው ሽቦ ልባሱ ጠቁሮ፣ ብሎኑም ላልቶ ተገኘ። ጭነት ሲበዛ መብራት የሚያቋርጠው ብሬከር እየወደቀ ስላስቸገረ ቀደም ሲል ባለ 63 አምፔር በሆነ ትልቅ ብሬከር ተተክቷል፤ ሽቦው ግን ያው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ነው። 3500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ምድጃና የውኃ ማሞቂያ አብረው ሲበሩ ሽቦው ከአቅሙ በላይ ይሸከማል፣ ትልቁ ብሬከር ደግሞ ሽቦው እየጋለ እንኳ አያቋርጥም። ይህ አሠራር በየሕንፃው መለመዱ እጅግ ያሳስበኛል።

መፍትሔው ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ መዘርጋት፣ 40 አምፔር ብሬከር መግጠምና የላሉ ብሎኖችን ሁሉ ማጥበቅ ሆነ። ምጣድ በሚበዛበት ሰዓት ደግመን ስንፈትሸው ሙቀቱ ጠፍቷል።

ደረጃው ሥር የተከማቸውን ከሰልና አሮጌ ፍራሽ ነዋሪዎቹ አነሱ። የግቢው በር ቁልፍም ከውስጥ ያለ መክፈቻ በሚከፈት መቀርቀሪያ ተተካ፤ የእሳት አደጋ ጥሪ ቁጥሩ 939 በየወለሉ ተለጥፏል።