የባሕር ዳርን የክረምት እሁድ በቤዝቦል፣ በፊልምና በሙዚቃ እንዴት ማሳለፍ ይቻላል?

አሜሪካኖች ሐምሌና ነሐሴን የሚያውቋቸው በጠራራ ፀሐይ፣ በሣር ሜዳና ኳስ በዱላ እየተመታ በሚደረገው ጨዋታ፣ በቤዝቦል ነው፤ እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ደግሞ እነዚያኑ ወራት የምናውቃቸው በጭቃ፣ በጃንጥላና ቆርቆሮ በሚያንጓጓ ዝናብ ነው። ከተማችን በዓመት ከምታገኘው ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚወርድ፣ ትምህርት የተዘጋባቸው ልጆች ከመስኮት መስኮት ሲዞሩ፣ ወላጆችም ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ይውላሉ። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን አንድ እሁድ፣ ቤት ውስጥ ባለ ዕቃና ብዙ ወጪ ሳይወጣ፣ ጠዋት በቤዝቦል ጨዋታ፣ ከሰዓት በኋላ በፊልምና በሙዚቃ፣ ማታ ደግሞ ከአሜሪካ በሚተላለፍ ግጥሚያ ለማሳለፍ የሚያስፈልገውን በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ግን መርሐ ግብሩ የሚቆመው በሰዓት ላይ ሳይሆን በዝናቡና በመብራቱ ላይ መሆኑ ነው። ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሚበረታ የደጁ ጨዋታ ወደ ጠዋት ይሳባል፤ መብራት መቼ እንደሚጠፋ ስለማይታወቅ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚፈልገው ሁሉ ከዋዜማው ተሰናድቶ ያድራል።

ቅዳሜ ማታ የሚሠሩ ሥራዎች

ስልኩን፣ ላፕቶፑን፣ ፓወር ባንኩንና ብሉቱዝ ድምፅ ማጉያውን ቻርጅ ላይ ሰክተው ያሳድሩ። ፊልሙን በኢንተርኔት በቀጥታ ለማየት አያስቡ፤ ኔትወርኩ በክረምት ደመና ሥር ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚፈታተን ሁላችንም እናውቀዋለንና ቅዳሜ ማታ አውርደው ፍላሽ ላይ ይጫኑት። አንድ ሳይሆን ሁለት ፊልም ያውርዱ፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ኳሱን ይሥሩ። የእውነተኛው ቤዝቦል ኳስ በቆዳ የተሰፋና ጠንካራ፣ ክብደቱ ከ142 እስከ 149 ግራም፣ ዙሪያውም 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ በመሆኑ ያለ ጓንት ለሚጫወት ልጅም ሆነ ለጎረቤት መስኮት አይሆንም። በእሱ ምትክ አንድ እፍኝ የሚሆን የፍራሽ ስፖንጅ አጥብቀው ይጠቅልሉና በፌስታል ይሸፍኑት፤ ፌስታሉ ስፖንጁ ውኃ እንዳይጠጣ ይከላከልለታል። ከዚያ በኋላ አሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትተው አፉን ጠምዝዘው ይመልሱና፣ በላዩ ላይ ከሳይክል ከመነዳሪ በጣት ስፋት የተቆረጠ ጎማ እየወጠሩ በሁሉም አቅጣጫ ያዙሩበት። የብስክሌት ከተማ ውስጥ እየኖሩ ከመነዳሪ አጣሁ ማለት አይቻልም፤ ማንኛውም ጎማ ጠጋኝ የማይጠገነውን በነፃ ይሰጣል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ፌስታሉን ረስቼ ካልሲውን ብቻ ሰፍቼ ነበር፤ ኳሱ ሁለት ጊዜ ኩሬ ውስጥ እንደገባ እንደ ድንጋይ ከብዶ የእህቴን ልጅ ትከሻ አሳበጠ።

ለዱላው ከዋንዛ ወይም ከሌላ ቀላል እንጨት የተላገ፣ ከአንድ ሜትር ያልበለጠ፣ ወደ መጨበጫው እየቀጠነ የሚሄድ በትር ይበቃል። ቡሄ ሲመጣ ለሆያ ሆዬ የተዘጋጀ ዱላ ካለም ያገለግላል፤ ከዚህ ውጭ የሚያስፈልጉት አራት ባዶ ማዳበሪያዎች ብቻ ናቸው።

እሁድ ጠዋት፦ ሜዳውና ጨዋታው

ከቁርስ በኋላ፣ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ግቢ ውስጥ ወይም በሰፈሩ ክፍት ቦታ ሜዳውን ያዘጋጁ። ማዳበሪያዎቹን አጣጥፈው በየመካከሉ ትንሽ አሸዋ ያድርጉባቸውና የአልማዝ ቅርፅ እንዲይዙ በአራት ማዕዘን ያስቀምጧቸው፤ እነዚህ ቤዝ ይባላሉ። በአሜሪካ ትልቁ ሊግ ከአንዱ ቤዝ ወደ ሌላው ያለው ርቀት 27.43 ሜትር ነው፤ ለግቢ ግን 12 እርምጃ ይበቃል። ድንጋይ በቤዝነት ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል፤ ሮጦ የሚደርስ ልጅ ግን ቆሞ ስለማይረግጠው የእግሩን ጣት ይሰብርበታል። ሜዳው ሐይቁ ዳር ከሆነ መቺው ጀርባውን ለውኃው ሰጥቶ እንዲቆም ያድርጉ፤ ኳሱ ወደ ሐይቁ ቢገባ ደግሞ ልጅ አይላክ። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ እንዳለ የማያውቅ የለም፤ ካልሲ ግን በየቤቱ ሞልቷል።

ሕጉ ሲነገር የተወሳሰበ ይመስላል እንጂ ሲጫወቱት ወዲያው ይገባል። ሁለት ቡድን ይኖራል፤ በትልቁ ጨዋታ 9 በ9፣ በእኛ ግቢ ግን 4 በ4 እንኳ ያስኬዳል። አንዱ ቡድን ተራ በተራ ሲመታ ሌላው ሜዳውን ይጠብቃል። ፒቸር የሚባለው ወርዋሪ ከአልማዙ መካከል ቆሞ ወደ መቺው ይወረውራል። መቺው ሞክሮ ቢስት፣ ወይም ኳሱ ከጉልበቱ በላይና ከደረቱ በታች ሆኖ መቺው አጠገቡ በሚቆምበት በመነሻው ቤዝ ላይ አልፎ እሱ ዝም ብሎ ቢያየው ስትራይክ ይቆጠርበታል፤ 3 ስትራይክ የሞላበት አውት ሆነ፣ ማለትም ወጣ። ከዚያ ክልል ውጭ የተወረወረና መቺው ያልሞከረው ቦል ይባላል፤ 4 ቦል ከሞላ መቺው በእርጋታ ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። ኳሱን ከመታ ዱላውን አስቀምጦ ወደ ቀኙ ወዳለው አንደኛ ቤዝ ይሮጣል። ኳሱ መሬት ሳይነካ ከተቀለበ፣ ወይም ከእሱ ቀድሞ ቤዙን በረገጠ ተጋጣሚ እጅ ከገባ አውት ነው። አራቱንም ቤዝ ዞሮ ወደ መነሻው የተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። 3 ሰው አውት ሲሆን ተራው ይለወጣል፤ ሁለቱም ቡድኖች አንዳንድ ጊዜ ከመቱ አንድ ኢኒንግ ተፈጸመ። ግጥሚያው 9 ኢኒንግ ነው፤ ለልጆች ግን 4 ካለፈ ጭቅጭቅ ይጀመራል።

የገና ጨዋታ የተጫወተ ሰው የዱላና የኳስ ግንኙነት አዲስ አይሆንበትም፤ የሚቸግረው መጠበቁ ነው። እግር ኳስ የለመደ ልጅ በተወረወረው ሁሉ ላይ ዱላውን ያወናጭፋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ አምስት ውርወራዎች ማንም እንዳይመታ ይከልክሉና ኳሱን በዓይኑ እየተከተለ ስትራይክ ይሁን ቦል ጮክ ብሎ እንዲፈርድ ብቻ ያድርጉት። ይህ ልምምድ ከማንኛውም ማብራሪያ የበለጠ ጨዋታውን ያስጨብጣል፤ ማታ ግጥሚያ ሲታይም ይጠቅማል።

ከሰዓት በኋላ፦ ፊልም በቆርቆሮ ሥር

ምሳ ተበልቶ ሰማዩ ከጣና በኩል ሲጠቁር ፊልሙ ይጀመራል። ፕሮጀክተር ካለ የተተኮሰ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥረው በሚስማር ያስይዙ፤ በተለመዱት ፕሮጀክተሮች ከ3 ሜትር ርቀት ሲበራ ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ስፋት ያለው ምስል ይሰጣል። ቀን ስለሆነ መስኮቱን በጋቢ መጋረድ ያስፈልጋል። ፕሮጀክተር ከሌለ ቴሌቪዥን ይበቃል፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ ትናንት የተሞላው ላፕቶፕ ይተካል። የጠፋው መብራት ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ እንደጠፋ የዕቃዎቹን ሶኬት ከዲቫይደሩ ይንቀሉና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ።

ትልቁ ችግር ግን ምስሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ የነሐሴ ዶፍ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገብዎ ያለው ሰው እንኳ የሚናገረው አይሰማም። ብዙዎች ድምፁን እስከ መጨረሻው ይጨምራሉ፤ ውጤቱ ፊልሙም ዝናቡም አንድ ላይ መጮኻቸው ነው። ከዚያ ይልቅ ድምፅ ማጉያውን ከስክሪኑ ሥር አንሥተው ተመልካቹ መካከል፣ በጆሮ ከፍታ ባለ ወንበር ላይ ያድርጉት፤ የግርጌ ጽሑፍ ካለውም ይክፈቱት። ሁለት ፊልም ያውርዱ ያልኩትም ለዚህ ነው፤ ለካፊያ ጭውውት የበዛበትን የአማርኛ ፊልም፣ ለዶፍ ደግሞ ነገሩ ሁሉ በድርጊት የሚገባውን። በእኔ አስተያየት ለከባድ ዝናብ የድሮዎቹን ድምፅ አልባ አስቂኝ ፊልሞች የሚተካከል የለም፤ ማንበብ ያልጀመረ ሕፃንም ከአያቱ እኩል ይስቃል። ፈንድሻና የተጠበሰ በቆሎ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ይቅረቡ፤ በመሃል የሚነሣ ሰው የፕሮጀክተሩን ገመድ ረግጦ ያልፋል።

ዝናቡ ሲያባራ፦ ሙዚቃ ከቡና ጋር

ከፊልሙ በኋላ ቡና ይፈላል፣ ሙዚቃም ይከፈታል። ዘፈን ዝም ብሎ ከፍቶ ከመተው ይልቅ እያንዳንዳቸው በሌላ ቅኝት የተዘፈኑ አራት ዜማዎችን መርጦ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ተራ ማጫወት ጆሮን ይከፍታል። አራቱም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው። ዜማውን በመሰንቆ ብቻ ቢያዳምጡት ልዩነቱ ይበልጥ ይለያል፤ ባለ አንድ ጅማት መሣሪያ ስለሆነ ዜማውን የሚሸፍን ሌላ ነገር የለውም። ልጆቹ የቅኝቱን ስም እንዲገምቱ ያድርጉና ለገመተ ፈንድሻ ይሸልሙ። ጊዜው ፍልሰታ ከሆነና ቤቱ በጾም ዘፈን የማይከፍት ከሆነ ባለ 10 አውታሩ በገና ለዚህ ሰዓት ከማንም ይበልጣል።

ድምፅ ማጉያ ቻርጅ ከጨረሰ ስልኩን በባዶ ሸክላ ወይም በብርጭቆ ውስጥ ድምፁ የሚወጣበት ጫፍ ወደ ታች ሆኖ ያቁሙት፤ ለአንድ ክፍል የሚበቃ ጉልበት ያገኛል። የጎረቤት ሞንታርቦ ከተከፈተ ግን ፉክክሩን ይተዉት።

ማታ፦ ግጥሚያውን መከታተል

የአሜሪካ ትልቁ ሊግ እያንዳንዱ ቡድን በመደበኛው ውድድር 162 ግጥሚያ የሚያደርግበት ሲሆን፣ ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ በእኛ አቆጣጠር ይዘልቃል፤ ክረምታችንን ሙሉ ጨዋታ አለ ማለት ነው። አብዛኛው የሥራ ቀን ግጥሚያ እኛ ተኝተን ሳለን የሚደረግ ስለሆነ መመረጥ ያለበት እሁድ ቀን የሚደረገው ነው። ሰዓቱን ለማስላት ቀላል ዘዴ አለ። በዚህ ወቅት ኒው ዮርክ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነች፤ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ በ6 ስለሚለይ በተጻፈው የኒው ዮርክ ሰዓት ላይ 1 መጨመር ብቻ ይበቃል። እዚያ ከቀኑ 1፡35 የሚጀምር ግጥሚያ እዚህ ከምሽቱ 2፡35 ይጀምራል። ለቺካጎ 2፣ ለሎስ አንጀለስ 4 ይጨምሩ። የቀን ጨዋታ በብዛት የሚገኝበት ሜዳ የቺካጎው ሪግሊ ፊልድ ነው፤ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ የማታ መብራት እንኳ አልነበረውም።

ዳታ ለመቆጠብ ግጥሚያውን በምስል ሳይሆን በድምፅ ይከታተሉት። በሰከንድ 128 ኪሎ ቢት የሚተላለፍ ድምፅ በሰዓት 58 ሜጋ ባይት ያህል ብቻ ይወስዳል። ቤዝቦል በ1921 እ.ኤ.አ. ከፒትስበርግ ለመጀመሪያ ጊዜ በራዲዮ ከተላለፈ ወዲህ በጆሮ ለመከታተል የተመቸ ጨዋታ ሆኖ ኖሯል፤ በየውርወራው መካከል ያለው ፋታ ተንታኙን ያናግራል፣ አድማጩንም ሻይ ያስቀዳል። ፋታው ግን እንደ ድሮው አይረዝምም፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ፒቸሩን የሚያጣድፍ የሰዓት ገደብ ስለተደነገገ የአንድ ግጥሚያ አማካይ ርዝመት ከ3 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ወርዷል።

ቋንቋው ቢያስቸግር ደብተር ያውጡና ነጥብ ይመዝግቡ። ለተጫዋቾቹ ቦታ ቋሚ ቁጥር አለ፦ ፒቸር 1፣ ከመቺው ጀርባ የሚቀልበው ካቸር 2፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ቤዝ ያሉት 3፣ 4 እና 5፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ሾርትስቶፕ 6፣ የኋላዎቹ ሦስቱ ከግራ ወደ ቀኝ 7፣ 8 እና 9። አንድ መዝጋቢ 6-4-3 ብሎ ከጻፈ ሾርትስቶፑ ኳሱን አንሥቶ ለሁለተኛው ቤዝ፣ እሱም ለአንደኛው አቀብለው ሁለት ሯጮችን በአንድ ጊዜ አስወጡ ማለት ነው። ጠዋት ማዳበሪያ ረግጦ የሮጠ ልጅ ይህንን ቁጥር ሲሰማ ሜዳው በዓይኑ ላይ ይመጣለታል።

በሰባተኛው ኢኒንግ አጋማሽ ላይ በስታዲየሙ ያለው ተመልካች ሁሉ ተነሥቶ እየተንጠራራ ይዘምራል። እኛ ቤት ይህችን ፋታ በአዝማሪ ወግ እንሞላታለን፤ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ግጥም ይሰጣል፣ ሌላው እያዜመ ይቀበላል። ባለፈው ክረምት የጠዋቱን ዳኝነቴን ያልወደደ አንድ ልጅ የሰጠኝ ይኸው፦

ሰማዩ ጉም ለብሶ ሲያዘንብ ይውላል፣
የኛ ቤቱ ዳኛ ስትራይኩን ቦል ይላል።

ግጥሚያው ከምሽቱ 5 ሰዓት አለፍ ሲል ያበቃል። ዘጠነኛው ኢኒንግ በእኩል ነጥብ ካለቀ ግን አሸናፊ እስኪለይ ተጨማሪ ኢኒንግ ስለሚቀጥል፣ ሰኞ ሥራ ያለበት ሰው ደብተሩን ነቅቶ ለሚያመሸው አስረክቦ ይተኛ።