«ተከትባለች እኮ!» በመዥገር በሽታና በክትባት ዙሪያ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አምና መስከረም ላይ መራዊ አቅራቢያ ካለ አንድ ቀበሌ ተጠራሁ። ድቅል ላም ናት። ሽንቷ የቡና አተላ መስሏል፣ ድዷ ነጥቷል፣ ጡቷ ሥር መዥገር ተሰካክቷል። ባለቤቷ መቀነታቸውን እያጠበቁ «ልጄ፣ ተከትባለች እኮ!» አሉኝ። ይህን ቃል ያልሰማሁበት ዓመት የለም።

አዎ፣ ተከትባለች፤ ግን ለአባሰንጋ፣ ለአባጎርባና ለጎሮርሳ ነው። መዥገር የሚያመጣቸውን የደም በሽታዎች፣ ሽንት የሚያቀላውን ባቤሲያንና አናፕላዝማን፣ ከእነዚህ አንዱም አይከላከልም። ስለዚህ ከብታችሁ ሲወጋ «የምን ክትባት ነው?» በሉና ስሙን አስጽፉ።

አይቨርሜክቲንን «የመዥገር ክትባት» የሚሉም አሉ። መድኃኒት እንጂ ክትባት አይደለም፤ ኃይሉ በሳምንታት ያልቃል፣ ወተቷን ሰው ለሚጠጣው ላምም አይሰጥም።

«ኬንያ ክትባቱ አለ፣ ለምን አታመጡልንም?» ለምትሉኝ፦ የኬንያና የታንዛኒያው ቲለሪያ ፓርቫ ለሚባል ሌላ ተሕዋስ የተሠራ ነው። የባቤሲያው አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ይዘጋጃል። እሱም ሕያው ተሕዋስ የያዘ፣ በተለይ ለጥጆች የታሰበ ክትባት ነው፤ ላሟ ከታመመች በኋላ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን መርፌው ነው። በዘመቻ ቀን የመንደሩን ከብት በሙሉ በአንድ መርፌ መውጋት! አናፕላዝማን የሚያስተላልፈው መዥገር ብቻ አይደለም፤ መርፌ ጫፍ ላይ የቀረች ደም ትበቃዋለች። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም አድርጌዋለሁ። ክራሹ (ከብቱን አጥብቀን የምንይዝበት ጠባብ አጥር) ጋ ሰልፉ ረዝሟል፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ገበሬው ይቸኩላል፤ መርፌው እስኪደንዝ አልቀየርኩም። ወር ገደማ ሲሆን እዚያው መንደር ሁለት ላሞች ከሱ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ እበታቸው ደረቀ፤ ሽንታቸው ግን አልቀላም፤ የአናፕላዝማ ምልክት ነው። ሰዉ «ክትባቱ ፈጃቸው» አለ። በዓመቱ ስንመለስ ከብቱን ወደ ገደል ነድቶ ደበቀብን። አልፈረድኩበትም። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ከብት አንድ መርፌ ነው፤ መርፌ ካለቀብኝ ሥራውን አቆማለሁ።

ብልቃጥ ኪስ ውስጥ ይዞ መዞርም አለ። በዘመቻ የምንሰጠው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፣ በቃ።

ሌላው፣ ድቅል ጥጃን መዥገር ሳያያት በበረት አሳድጎ፣ ላም ስትሆን ክረምት ሲወጣ ሜዳ ላይ መልቀቅ ነው። የአገራችን ከብት በጥጃነቱ ተነክሶ፣ በሽታው ቀለል ብሎት አልፎ፣ አካሉ ተለማምዶ ያድጋል። ዘጠኝ ወር ያልሞላት ጥጃ በሽታውን ከአዋቂዋ ይልቅ ትችለዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በላምነቷ የምትነከሰው ድቅል ግን በቀናት ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች። እንዲህ ያለችውን ላም ወደ ቆላ ከመውሰዳችሁ ወይም ሜዳ ከመልቀቃችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ከጆሮዋ ውስጥ፣ ከጭራዋ ሥርና ከጡቷ ዙሪያ መዥገር በየቀኑ ፈልጉ። የመዥገር መድኃኒት ስትረጩ ውኃውን በግምት አትበጥብጡ።

የመራዊዋን ላም የባቤሲያን መድኃኒት ዲሚናዚን ወጋኋት፤ በሦስተኛው ቀን ሽንቷ ጠራ። ዘንድሮ በዘመቻው ባለቤቷን ክራሹ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ላማቸው ተራዋ ሲደርስ የባልደረባዬን እጅ ያዝ አድርገው «ልጄ፣ መርፌውን ቀይረኸዋል?» አሉት።