የተዘራ ሣር ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው፣ ከመንስኤው ወደ መፍትሄው

የተዘራ ሣር አልበቅል ሲል ወይም በቅሎ ሲመነምን የአብዛኛው ሰው እጅ የሚሄደው ወደ ዘር ከረጢቱና ወደ ውሃ ጎማው ነው። ሁለቱም ሊያስፈልጉ ይችላሉ፤ ቀዳሚዎቹ ግን አይደሉም። መንስኤው ሳይታወቅ ዘር ቢጨመር፣ የፊተኛውን የበላው ችግር የኋለኛውንም ይበላዋል። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በላይኛው 2 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ስለሆነ ጎንበስ ብሎ መጫር ይቀድማል።

ቀኑ አልፎ ምንም አልበቀለም

በእርግጥ አልፏል ወይ? ጊዜው እንደ ሣሩ ዓይነት ይለያያል፦ ሬይግራስ ከ5 እስከ 10 ቀን፣ ቶል ፌስክዩ ከ7 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። በፓኬት ላይ ቤርሙዳ ተብሎ የሚሸጠው ሰርዶ ከ10 እስከ 30፣ ኬንታኪ ብሉግራስ ደግሞ ከ14 እስከ 30 ቀን ሊቆይ ይችላል። ቅልቅል ዘር ከሆነ ሬይግራሱ ቀድሞ ስለሚወጣ የቀረው የከሸፈ ይመስላል። ሳስቷል ብለው አይደርቡበት።

ቀኑ ካለፈ ሦስት አራት ቦታ አፈሩን በጣት ፈልፈል አድርገው ዘሩን አውጥተው ይዩት።

ደረቅና እንደተዘራ ካለ ውሃ አልደረሰውም። እርጥብና ጠንካራ ሆኖ ምንም ካላሳየ ደግሞ አፈሩ ቀዝቅዞበት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቴርሞሜትር ይትከሉ። ፌስክዩ፣ ሬይግራስና ብሉግራስ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማቸዋል፤ ሰርዶ ግን ከ18 በታች እምብዛም አይንቀሳቀስም። መፍትሄው ሙቀቱ እስኪመጣ መጠበቅ ብቻ ነው።

ነጭ ስር ብቅ ብሎ ከደረቀ፣ በብዛት የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው። ዘር ውሃ ጠጥቶ ስር ካወጣ በኋላ መመለሻ የለውም፤ አንድ ቀን ጠንካራ ፀሐይ ያለ ውሃ ከመታው ያልቅለታል። ማታ አጥለቅልቆ ማጠጣትም አያካክሰውም። እስኪበቅል ድረስ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ በጥቂቱ ያጠጡ፤ ላዩ ደርቆ አይንጣ፣ ኩሬም አይሥራ። የሞተው ስለማይነሳ ቦታው እንደገና ይዘራል።

ሲጫኑት የሚፈርጥ ዘር በስብሷል፤ ወይ ውሃው በዝቷል፣ ወይ ዘሩ ድሮም አርጅቷል። የቱ እንደሆነ ለመለየት ከከረጢቱ 50 ፍሬ ቆጥረው በእርጥብ ሶፍት ይጠቅልሉ፤ በላስቲክ ከተው ሞቅ ያለ ክፍል ያስቀምጡ። ቀኑ ሲደርስ ከ25 በታች ከበቀለ ዘሩን ይተዉት። ከ25 እስከ 40 ከሆነ መጠኑን ጨምሮ መዝራት ይቻላል።

ቡቃያው ወጥቶ ከአፈሩ ሥር ተጣሞ ከቀረ፣ ሸክላማው አፈር ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሠርቶበታል ወይም ዘሩ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ተቀብሯል። ቅርፊቱን በቀስታ ውሃ እየረጩ ያላሉት፤ በሬክ (ባለ ጥርስ መጫሪያ) ከሰበሩት ቡቃያውንም ይዞ ይመጣል። ዘሩ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ወፍ ለቅሞታል፣ ጉንዳን ወስዶታል ወይም ውሃ ጠርጎታል፤ የቁልቁለቱን ግርጌ ማየት ነው። በቅርቡ አረም እንዳይበቅል የሚከላከል መድኃኒት ከተረጨ እሱ የሣር ዘርንም አያስበቅልም። መለያው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ መዝራት ዘር ማባከን ነው።

ሲደግሙ አፈሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያህል በሬክ ያላሉ። በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ግራም ፌስክዩ ወይም ሬይግራስ፣ ከ10 እስከ 15 ግራም ብሉግራስ፣ ከ5 እስከ 10 ግራም ሰርዶ ይበቃል። ግማሹን ቁመቱን፣ ግማሹን አግድሙን እየሄዱ ይዝሩ። ከዚያ በስሱ ይሬኩት፤ ጥቂት ፍሬ ላዩ ላይ ቢታይ አይጨነቁ። ቀጥሎ ረገጥ ረገጥ ያድርጉት ወይም ሮለር ያሳልፉበት። ይህችን መርገጥ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ ዘሩ አፈሩን ካልነካ ግን እርጥበት አይስብም። በመጨረሻ የተነፋ ኮምፖስት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያልብሱት።

በቅሎ ሳለ በክብ በክብ ይወድቃል

አንዱን ቡቃያ ነቅለው አንገቱን፣ ማለትም አፈሩን የሚነካበትን ቦታ ይዩ። ቀጥኖ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ውሃ የቋጠረ ከመሰለ ፒቲየም ወይም ራይዞክቶኒያ የሚባል ፈንገስ መሰል የአፈር ተሕዋስ አበስብሶታል። አንገቱ ደህና ሆኖ ቅጠሉ ወደ ግራጫ ሰማያዊ ካደላና ከታጠፈ ግን ጠምቶታል። ይህን መለየት የግድ ነው፤ በውሃ ብዛት የታመመውን ጠምቶታል ብሎ ማጠጣት ጨርሶ መግደል ነው።

በሽታው የሚጋበዘው ዘር ሲጠቀጠቅ፣ ማታ ሲጠጣና ናይትሮጅን ሲበዛ ነው። ውሃውን ጠዋት ያድርጉት፤ በሁለት ማጠጣት መካከል ላዩ ጠፈፍ ይበል። ፀረ ፈንገስ መዛመቱን ሊያቆም ይችላል፤ የወደቀውን ግን አያነሳም።

ቦታ ቦታ ይበቅላል፣ ቦታ ቦታ ራሰ በራ ነው

ባዶው ቀጥ ባለ መስመር ከሆነ ሲዘራ ተዘልሏል፤ እዚያው ላይ ብቻ መድገም ነው። ቅርጽ ከሌለው እርጥብ አፈር ላይ ረጅም ካቻቢቴ ይውጉ። 15 ሴንቲ ሜትር በእጅ ግፊት ካልገባ አፈሩ ተጠቅጥቋል፤ በመንሽ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በስተው ኮምፖስት ያስገቡበት። ዛፍ ሥር ከሆነ በቀን ቢያንስ 4 ሰዓት ፀሐይ ያገኝ እንደሆነ ይከታተሉ። ካላገኘ ሰርዶ አይሞከርም፤ ጥላ የሚችለውን ፋይን ፌስክዩ መሞከር ይሻላል።

ቢጫ ሆኗል

አሮጌዎቹ ቅጠሎች ቀድመው ከገረጡ የናይትሮጅን እጥረት ነው። ከበቀለ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲሆነው በካሬ ሜትር 5 ግራም ዩሪያ በደረቅ ቅጠል ላይ በትነው ወዲያው በውሃ ያውርዱት፤ ቅጠሉ ላይ ካደረ ያቃጥላል። አዲሶቹ ቅጠሎች ደም ሥራቸው አረንጓዴ ሆኖ መሃላቸው ቢጫ ከሆነ የብረት እጥረት ነው፤ የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን) ይለኩ፣ ለሣር ከ6 እስከ 7 ተስማሚ ነው። ጫፉ ብቻ ተቦጫጭቆ ከነጣ ማዳበሪያ አይፈልግም፤ የማጨጃው ስለት ደንዝዟል።

አረሙ ሣሩን ቀደመው

አብዛኛው የአንድ ወቅት አረም ስለሆነ በተደጋጋሚ ማጨድ ብቻ ይጨርሰዋል። ሣሩ 3 ወይም 4 ጊዜ ሳይታጨድ ፀረ አረም አይርጩ።

ሲታጨድ ከነስሩ ይነቀላል

ወይ ቸኩለዋል፣ ወይ አፈሩ ጭቃ ነው፣ ወይ ስለቱ ደንዝዟል። ቁመቱ ከ8 እስከ 9 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጥቂት ቅጠል ይዘው ሳብ ያድርጉ፤ ካልተነቀለ አፈሩ ጠፈፍ ሲል ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጨዱት። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይነሳም። ከሁለተኛው አጨዳ በኋላም ስሩ ጥልቀት ካላገኘ ጥፋቱ በየቀኑ በጥቂቱ ማጠጣቱ ነው። በሳምንት 25 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ በሁለት ጊዜ ከፍለው ይስጡት፤ ባዶ ጣሳ መሃል አቁመው የተጠራቀመውን በማስመሪያ መለካት ይቻላል።

ከወራት በኋላ የሚነቀል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሣሩ ሲሳብ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ከተነሳ ስሩን ትል በልቶታል። 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ከበታቹ ያለውን አፈር ይዩ፤ ተጠማዘው የተኙ ነጫጭ ትሎች ከ10 በላይ ከሆኑ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ለቅሞ መጣል ይበቃል።