በደረት የጨረር ሕክምና ወቅት ፀረ-ኦክሲዳንቶችን በጥንቃቄ የመጠቀም መመሪያ

ለሳንባ ወይም ለጡት ካንሰር ደረት ላይ የሚሰጥ ጨረር በሴሎች ውስጥ ያለውን ውኃ ሰንጥቆ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶችን ይፈጥራል፤ ዕጢውን የሚገድሉትም፣ አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ሳንባ የሚያቆስሉትም እነዚሁ ናቸው። እንደ ቫይታሚን ሲ ያሉ ፀረ-ኦክሲዳንቶች ፍሪ ራዲካሎችን ስለሚያከሽፉ ሳንባን ይጠብቃሉ ተብሎ ይታሰባል፤ ይሁንና በከፍተኛ መጠን ሲወሰዱ ዕጢውንም ሊጠብቁት ይችላሉ።

ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ዘመድ ከውጭ አገር የላከውን የቫይታሚን ብልቃጥ ጨምሮ ቤት ያለውን ኪኒንና ዱቄት ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘው ለጨረር ሐኪምዎ ያሳዩ። ስሙን በቃል መናገር አይበቃም፤ ዋናው ጉዳይ መጠኑ ነው። ለምሳሌ 100 ግራም የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን የተባለ ፀረ-ኦክሲዳንት 3 ግራም ያህል ብቻ ሲሆን፣ 500 ሚሊግራም ኩርኩሚን የያዘ አንድ እንክብል ግን ብዙ የሻይ ማንኪያ እርድ በአንድ ጊዜ እንደ መዋጥ ነው። አልጫ ወጥ ላይ የሚነሰነሰው እርድ አያሳስብም። አጫሾች ወይም ቀድሞ ያጨሱ ሰዎች በተለይ ከቤታ ካሮቲን (ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርገው ፀረ-ኦክሲዳንት) ኪኒን ይራቁ፤ በፊንላንድ አጫሽ ወንዶች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ 20 ሚሊግራም የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በሳንባ ካንሰር በ18 በመቶ በልጠው መያዛቸውን አሳይቷል።

እኔ ከኪኒኑ ይልቅ የምመርጠው ማዕዱን ነው። ቫይታሚን ሲ በውኃ ስለሚሟሟና በሙቀት ስለሚጠፋ ጎመኑንና ቆስጣውን ሳይከትፉ ይጠቡ፣ ከዚያም በጥቂት ውኃ ለአጭር ጊዜ ያብስሉ። ካሮትና ቲማቲም ግን በትንሽ ዘይት ሲበስሉ ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምባቸዋል። ጨረሩ የምግብ ቧንቧን አስቆጥቶ መዋጥ ካሳመመ በርበሬውንና ሎሚውን ትተው ወደ ፓፓያና ወደ ለስላሳ አልጫ ይዙሩ። የሚጾም ሰው አትክልት አይጎድልበትም፤ ሊጎድለው የሚችለው ፕሮቲን ስለሆነ ሽሮና ምስር ይጨምር።

የትኛውም ምግብ ግን ክትትልን አይተካም። ሕክምናው ካበቃ ከ1 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ደረቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ቀለል ያለ ትኩሳት ከመጣ ጉንፋን ነው ብለው በዝንጅብልና በማር አይጠብቁ፤ የሳንባ የጨረር ብግነት ሊሆን ስለሚችል በቶሎ ወደ ሐኪምዎ ይሂዱና ጨረር መውሰድዎን ይንገሩ። ብግነቱን የሚቀንሰው ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ከታዘዘልዎ ሳሉ ቢተውዎትም በራስዎ አያቋርጡት፤ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ነው።